የዘሃራ ክንድ

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፬፤ መርሳ

ዛሬ የሸክላውን ክንድ ጨረስኩ። የሠራሁት ጎረቤቴ ዘሃራ ገበያ ላይ የሽንኩርት ጆንያ ስታነሳ አስፈቅጄ ያነሳኋትን ፎቶ እያየሁ ነው። ጡንቻው ፈርጠም፣ የደም ሥሩ ገተር ያለ ክንድ ነው።

ከሰዓት ከባሏ ከሰይድ ጋር መጡ። ሰይድ ገና ሲያየው ደረቱን ነፋ።

«ማሻ አላህ! የኔን ክንድ መቼ ፎቶ አነሳሽው?»

ዘሃራ ሳቋን መያዝ አቃታት። ፎቶውን አሳየሁት። የሚስቱን እጅ ይዞ ከሸክላው ጋር ሲያስተያይ ቆየ። ተቆጥቶ ለሰው እንዳላሳየው የሚከለክለኝ መስሎኝ ፈራሁ።

እሱ ግን እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋልኝ።

«የኔንም ሥሪውና አጠገቧ አስቀምጭው። ብቻ ከእሷ እንዳታሳንሽኝ!»

እሺ ብዬ ፎቶ አነሳሁት። አሁን ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው ብቻዬን እስቃለሁ። እንዳለ ከሠራሁት የሱ ክንድ ከእሷ ማነሱ አይቀርም። ምን ይሻለኛል?