የሞተር ማንሻውና የማድቤቱ በር

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ዛሬም ወንድ አጣሁ።

ካቴናው የላላ ሞተር ግቢ ውስጥ ተገትሯል። ሥራው ቀላል ነው፤ ግን የኋላ ጎማው ከመሬት መነሳት አለበት። እኛ ቤት ሞተር የሚነሳው እንዲህ ነው፦ ሁለት ጎረምሳ ከኋላ ብድግ ያደርጉታል፣ እኔ የዛፍ ግንድ ከሥሩ እወሽቃለሁ። በጁምዓ ሰዓት ጎረምሳ ከየት ይመጣል? ሁሉም መስጊድ ነው። ጎረቤታችን ሞላ ክርስቲያን ስለሆነ በዚህ ሰዓት ይደርስልኝ ነበር፤ እሱም ወደ ከላላ ከተማ ሄዷል። በር ላይ ቆሜ መንገድ መንገዱን ሳይ... ባለሞተሩ ሰለቸውና እየገፋ ወሰደው።

ባሌ ኸባብ ከመስጊድ ሲመለስ ነገርኩት። "ነግሬሽ ነበር" አለ።

ባሌ ድሮ ሞተር ብቻውን ነበር የሚያነሳው። አምና ክረምት ግንዱ ተንሸራቶ ሞተሩ ሲወድቅ፣ እይዘዋለሁ ብሎ ወገቡ ተቀጨ። ከባድ ነገር እንዳታነሳ ተብሏል። ከዚያ ወዲህ መፍቻ እንኳ አይነካም። ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው። እጄ ያውቀዋል፤ ጉልበቴ ነው የማይበቃው። እና ቆርጧል... ጋራዡን ዘግተን ደሴ ልንገባ ነው፣ በወንድሙ በጠልሐ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ልንሠራ። ታኅሣሥ ሲገባ ጠልሐ ዕቃችንን የሚወስድ አይሱዙ ይልካል። ትልቁ የመፍቻ ሳጥን ከአሁኑ ተጠፍሮ በር ሥር ተቀምጧል።

ደሴ ሄጄ ምን ልሁን? ባንኮኒ ላይ ተደግፌ ብሎን ልቁጠር? እኔ መፍታትና መግጠም ነው የምወደው። አልፈልግም። ይኸው ጻፍኩት። አልፈልግም!

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ስልኬ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ከእኔ የከሳች ሴት አንድ ግዙፍ ሞተር በእግሯ እየረገጠች አነሳች። በእግሯ! ደጋግሜ አየሁት።

ለጠልሐ ደወልኩ። "ፈውዚያ፣ ወንድሜ ሰምቶ እንዳይቆጣኝ" አለ፤ ግን ያለውን የሞተር ማንሻ ሁሉ ዘረዘረልኝ። አንዱ እንደ አልጋ ነው፤ ሞተሩ ላዩ ላይ ይወጣና አልጋው ይነሳል። ያምራል። ግን መብራት ይፈልጋል፤ የእኛ መብራት ደግሞ ሲመጣ እንጂ ሲቀር አይገርመንም። በዚያ ላይ በበራችን አይገባም። ሌላው የኋላውን ከሥር ይዞ በእጀታ የሚያነሳ ነው። የፊት ጎማ ሲሆንስ? ደግሞ እጀታውን ስጫን ሞተሩን የሚደግፍ ሰው እፈልጋለሁ። ተመልሼ ወንድ ፍለጋ! የመጨረሻው አጭር ክሪክ ነው፤ አራት ትንንሽ ጎማ አለው፣ ሞተሩ ሆድ ሥር ይገባል፣ ፔዳሉን ሲረግጡት ቀስ እያለ ይነሳል።

እግር አለኝ። ይሄ ነው የእኔ።

ዕቁቤ ወጥቶልኛል። ለቁም ሳጥን ያሰብኩት ነበር። ቁም ሳጥኑ ይቆየኝ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ለኸባብ ነገርኩት። "ሞተር በእግር የሚነሳው እግር ኳስ ነው?" አለ። ሳቄ መጣ። እሱ አልሳቀም። "የሰነፍ ዕቃ" ብሎ ዞረ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ከጠልሐ የገዛሁት ማንሻ ነገ ይደርሳል። የጋራዡን ወለል በጭቃና በእበት አሳምሬ ለቀለቅኩት። እንግዳ ሲመጣ ቤት አይለቀለቅም እንዴ?

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ምነው እጄን በቆረጠው!

ማንሻው በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ መጣ። ቀይ ነው፣ ያብረቀርቃል። ሰፈሩ ተሰበሰበ። ሞላ የራሱን ሞተር እየገፋ መጥቶ "በእኔ ይመረቅ" አለ። ከሆዱ ሥር አስገባሁት፣ ረገጥኩ... ተነሳ! ወላሂ ተነሳ! ሁለቱም ጎማ አየር ላይ። እልል ልል አፌን ስከፍት የማንሻው አንድ ጎማ ትናንት የለቀለቅኩት ወለል ውስጥ ስምጥ አለ። ሞተሩ ዘመመ... ከዚያ ግው! ግድግዳው ላይ። መስታወቱ ደቀቀ፣ መብራቱም።

ኸባብ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሞላ የመስታወቱን ስባሪ እየለቀመ "አብሽሪ፣ የወደቀው ሞተሩ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም" አለኝ። እንባዬ ያኔ መጣ።

እንግዳዬን ላክብር ብዬ ጭቃ ውስጥ ቀበርኩት። ደርቆ ቢሆንስ? ያው አፈር ነው። ዕቃው የተሠራው ለሲሚንቶ ወለል ነው። ይሄን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ስለ መብራት አሰብኩ፣ ስለ በር አሰብኩ፣ የምቆምበትን መሬት ረሳሁ!

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

አይሱዙው ሳይመጣ ሲሚንቶ ማስፈሰስ የማይታሰብ ነው። ግን ክረምት በራችን ሲጨቀይ ሞተሮቹን የምናስገባው እንዴት ነው? ሳንቃ አንጥፈን!

ግቢውን ዞርኩ። ሰፊና ወፍራም ሳንቃ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው... የማድቤቱ በር። የጥድ ነው፣ እቴቴ ከተዳሩ ጀምሮ የነበረ። እቴቴ የኸባብ እናት ናቸው፤ ማድቤቱ ደግሞ ግዛታቸው። ፈራ ተባ እያልኩ ገባሁ።

"እቴቴ፣ በሩን ቢያውሱኝ..."

"የምኑን በር?"

"የማድቤቱን።"

ትኩር ብለው አዩኝ። "ዶሮዎቹስ? ገብተው ዱቄቴን ሊበትኑት?"

"እኔ እጠብቃለሁ።"

"ደሴ ከተገባ ዶሮም በርም የለኝ" አሉና ፊታቸውን አዞሩ። "ንቀይው!"

እሳቸውም መሄድ እንደማይፈልጉ ዛሬ ገና አወቅኩ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

በሩን ወለሉ ላይ አነጠፍኩ፣ ማንሻውን በበሩ ላይ። የሞተሩ ሆድ እንዳይጎዳ ማንሻው አናት ላይ ጣውላ ጨመርኩ። አሁን የቀረው ሞተሩ ወደ ጎን እንዳይዘም ከጣሪያው አግዳሚ ጋር የሚያስረው ነገር ነው። የማምነው ገመድ አጣሁ። ዓይኔ ሳጥኑ ላይ አረፈ። የታሰረው በኸባብ አባት መጫኛ ነው፤ በሕይወት ሳሉ በቅሎ የሚጭኑበት የቆዳ ጠፍር። የአህያም የበቅሎም ጭነት ችሎ የኖረ መጫኛ አንድ ሞተር ያቅተዋል? ፈታሁት።

ኸባብ ጀርባውን ሰጥቶን በር ላይ ተቀምጧል። "ሳጥኑን በምን ልናስረው ነው?" አለ ሳይዞር።

"አናስረውም" አልኩ።

ሞላ ጉደኛው ያንኑ ሞተሩን ይዞ መጣ። "መስታወት የለው፣ መብራት የለው፣ ከእንግዲህ ምኑ ይሰበራል?" አለ። ሞተሩን በመጫኛው አስሬ ረገጥኩ። ደገምኩ። የፊት ጎማው ተነሳ፣ የኋላው መሬት ላይ ቀረ። ላቤ ጠብ አለ።

"ማንሻውን ወደ ኋላ ሳቢው። ክብደቱ ወደ ኋላ ነው።"

ኸባብ ነው! መቼ እንደዞረ አላየሁም። ዝቅ አድርጌ ሳብኩት፣ እንደገና ረገጥኩ... ሁለቱም ጎማ ከመሬት ለቀቀ። ገፋሁት፣ ነቀነቅኩት፣ ንቅንቅ የለም። እልልታውን እቴቴ አቀለጡት። ኸባብ ግን ተነስቶ ሄደ።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

እጄ ገና ግራሶ ይሸታል። ግድ የለም፣ ይቺን ቀን ልጻፋት!

አዛን ብሎ ወንዱ ሁሉ ወደ መስጊድ ጎረፈ፣ ኸባብም። ልክ በዚያ ሰዓት አንድ ሞተር እየተንገጫገጨ በር ላይ ቆመ። ቢያድግልኝ የሚባል የጤና ባለሙያ ነው፤ ከኋላው የክትባት ሳጥን ጭኗል፣ ወደ ወግዲ ገጠር ይሄዳል። የኋላ ጎማው የሚሾርበት ኩሽኔታ ተሰባብሯል።

"ባለሙያው የለም?" አለኝ።

"አለች።"

ግቢውን ቃኘ። "እህቴ፣ ሞተሩን ማን ያነሳልናል? በረዶው ከቀለጠ ክትባቱ ይበላሻል። እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው እየጠበቁኝ ነው..."

"እርስዎ ሳጥንዎን ያውርዱና ጥላ ሥር ይቀመጡ።"

እቴቴ እርጥብ ጆንያ አምጥተው ሳጥኑ ላይ ጣሉበት። እኔ ማንሻውን አስገባሁ፣ ወደ ኋላ ሳብኩ፣ በመጫኛው አሰርኩ፣ ረገጥኩ። ሞተሩ እንደ ታዘዘ ልጅ ብድግ አለ። የሰውዬው አፍ ተከፍቶ ቀረ። የተዘጋውን የመፍቻ ሳጥን ከፈትኩ፤ ከኸባብ ዕቃዎች መካከል ልኩ የሆነ ኩሽኔታ ነበር። ጎማውን ፈታሁ፣ የተሰበረውን መትቼ አወጣሁ፣ አዲሱን በግራሶ አጥግቤ ገጠምኩ። አንድም ጊዜ መንገድ አላየሁም። ማንንም አልጠበቅኩም!

ጁምዓ አልቆ ሰው ሲበተን በራችን ላይ ተከማቸ። ጎማውን በእጄ ሳሾረው አየር ላይ ይሽከረከራል።

"ማን አነሳልሽ?" አለ አንዱ።

"እግሬ!"

ሳቁ ግቢውን ሞላው። ኸባብ ሰዉን ገፍቶ ገባ። የተከፈተውን ሳጥኑን አየ። ምን ይለኝ ይሆን? ጎማው ጋ ሄደ፣ አሾረው፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

"ኮሽታ የለውም" አለ።

ከኸባብ አፍ ይሄ ምርቃት ነው። ዛሬ ማንም አይችለኝም!

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ቢያድግልኝ ደወለ። በረዶው ሳይቀልጥ ደርሷል። አልሐምዱሊላህ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ከገበያ ስመለስ ከግቢያችን ድምፅ ሰማሁ። ሲጥ... ሲጥ... የፔዳሉ ድምፅ። እኔ እዚህ ነኝ፤ ታዲያ ማን ነው የሚረግጠው?

በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ኸባብ! ወገቡን በሽርጥ ጥብቅ አድርጎ አስሯል፣ አንድ እጁ ግድግዳው ላይ፣ እግሩ ፔዳሉ ላይ። ሞተሩ ቀስ እያለ ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ። ሰው እንዳላየው ዞር ዞር ብሎ አረጋገጠና ሳቀ። ብቻውን ሳቀ። ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ ያንን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም። ዘንቢሌን አቅፌ እዚያው አለቀስኩ፤ የደስታ።

ስገባ የኸባብ ስልክ ጮኸ። ጠልሐ ነው፤ ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል።

"ነገ አይሱዙውን ልላከው? ዕቃውን አሰራችሁ?"

ኸባብ ክፍቱን ሳጥን አየ። መጫኛው ከጣሪያው አግዳሚ ላይ ሞተሩን እንደያዘ ነው። ከዚያ እኔን አየኝ።

"ማሰሪያ የለንም" አለው። "አይሱዙውን ተወውና ኩሽኔታ ላክልን። በርከት አድርገው!"

እቴቴ ከማድቤት ተጣሩ። "በሬስ? መቼ ነው የሚመለሰው? ዶሮዎቹ ይኸው ይገባሉ ይወጣሉ።"

"ይግቡ፣ ይውጡ እቴቴ" አለ ኸባብ፣ መፍቻውን አንስቶ። "እኛ እንደሆን የትም አንሄድ።"