የተመረቀ ጋራዥ ቤት ነው ላሉት ሊቀመንበር

ቆቦ፣ መጋቢት 9 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለጓድ እሸቴ፤

ይህች ደብዳቤ ስትደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ የምግብ ፍላጎትዎ ያልቀነሰ፣ የማኅተምዎም ቀለም ያልደረቀ እንደሚሆን ሙሉ ተስፋ አለኝ። እኔም ባለቤቴም ከሳሏ በቀር ደኅና ነን። እርግጥ ነው፣ ደብዳቤው በፖስታ ታሽጎ ቢሮዎ መግባት ይገባው ነበር። ነገር ግን ከዚህ በፊት ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች በመሳቢያዎ ውስጥ ተደላድለው ስለ ተኙ፣ አራተኛው ገብቶ እንዳያጣብባቸው በማለት ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። እርስዎ ጊዜ ቢያጥርዎ ማሽላ ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ ያነብልዎታል።

ይሁኔ ካሳ እባላለሁ። እርስዎ አብጠርጥረው ያውቁኛል፤ ስሜን የምናገረው ከሮቢትና ከጎብዬ እህል ጭነው ለሚመጡት አንባቢዎች ነው። የዚሁ ወፍጮ መካኒክ ነኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሕዝቡን ሞተር አስነሳለሁ፣ እሑድ ደግሞ የራሴን እፈታለሁ። የራሴ ያልሁት የአንዲት ፊያት ስድስት መቶ ሞተር ነው። መኪናይቱን በ1963 ዓ.ም. ዋጃ ላይ ከአንድ የጥጥ ነጋዴ ስገዛት ጎርፍ ገብቶባት ሞተሯ ነክሶ አልዞር ብሏል፣ ጎማዋ አልቋል፣ የኋላ ወንበሯ ላይም ዶሮ ታቅፋበት ነበር። ነጋዴው ዶሮይቱ እስክትፈለፍል እንድታገሥ ለምኖኝ ሦስት ሳምንት ጠብቄያለሁ። ከዚያ በአራት በሬ አስጎትቼ ቆቦ ሳስገባት ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ወጥቶ እየሣቀ አየን። እርስዎም ያኔ ሊቀመንበር ስላልነበሩ ከሰው ጋር አብረው ሥቀዋል።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መኪናይቱ በራሷ ኃይል አንድ ክንድ አልተራመደችም። ሰው ምን ትሠራልሃለች ይለኛል። ምንም አትሠራልኝም። አንዱን ብሎን ፈትቼ፣ በናፍጣ አጥቤ፣ ግራሶ ቀብቼ መልሼ አስራለሁ፤ በሚቀጥለው እሑድ ሌላውን። ስብሰባ የለባትም፣ ኮታ የለባትም፣ ሪፖርት አይጻፍባትም። ሌላው ሰው ጠላ ቤት ሄዶ የሚያገኘውን ደስታ እኔ ከካርቡራተር አገኛለሁ፤ ይህ ወንጀል መሆኑን እስካለፈው ጥር ድረስ የነገረኝ አልነበረም።

ችግሩ መኪናይቱ የምታድረው ከእኛ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መሆኑ ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ሲሆን የአንደኛውን ግድግዳ አፍርሼ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ዘነበች አስም አለባት። በቆቦ ሙቀት የቤንዚንና የቀለም ሽታ በርና መስኮት ቢከፈትም አይወጣም፤ ዓመት ከዓመት ደረቷ እየባሰባት ሄዶ ተደግፋ ካልሆነ መተኛት እስከማትችል ደረሰች። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብዬ ማየቴ የኔ ጥፋት ነው፤ በዚህ እርስዎን አላሳብብም።

ስለዚህ ከግቢያችን ጥግ፣ ከቤቱ ሃያ እርምጃ ርቆ ለብቻው የሚቆም ጋራዥ ልሥራ ወይስ ልተው እያልሁ አንድ ዓመት ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ከረምሁ። የፈራሁት ድካሙን ሳይሆን አዋጁን ነው። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ከተባለ ወዲህ በግቢው ውስጥ ሁለተኛ ጣሪያ ያቆመ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ እንደ ጨዋ ዜጋ አስቀድሜ እርስዎን ጠየቅሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቀበሌያችን ቁጥር የሌለው ነገር አይገባውምና።

1ኛ. ስለ ሰጡኝ ፈቃድ ከልብ አመሰግናለሁ። ጥቅምት ላይ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሳስረዳዎ «ለመኪና የሚሠራ ጥላ ነው፤ ጥላን ደግሞ ማን ይከለክላል? ሂድና ሥራ» ብለውኛል። በጽሑፍ ቢሰጠኝ ብዬ ስለማመጥ «በጓዶች መካከል ቃል አይበቃም ወይ?» ብለው ስለ ወቀሱኝ አፍሬ ወጣሁ። አሁን ሳስበው ያ ማፈር ይገባኝ ኖሯል፤ ነገር ግን ያፈርሁበት ምክንያት ሌላ መሆን ነበረበት።

2ኛ. በምርቃቱ ዕለት በመገኘት ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። የሰፈሩ ሰው በደቦ መጣልኝ፤ ጎረቤቴ አህመድ የግራር ምሰሶውን በግመል አመላለሰ፣ ሴቶቹ ውኃ ቀዱ፣ ወንዶቹ ጭቃ ረገጡ፣ ቆርቆሮውም ተመታ። እንግዲህ በአገራችን ጣሪያ የተመታበት ነገር ሳይመረቅ አይገባበትም፤ ይህን ሳላደርግ መኪናይቱን ባስገባት ኖሮ እነዚያው የረዱኝ ሰዎች ይቀየሙኝ ነበር። ስለዚህ እንደ ወጉ ለሙስሊሙ አንድ፣ ለክርስቲያኑ አንድ በግ ታረደ። ሼህ እንድሪስ «ያ ረቢ፣ ይህን ጣሪያ ከእሳትም ከጎርፍም ጠብቅልን፤ የገባበት በሰላም ይውጣበት» አሉ። መምሬ ታረቀኝም በበኩላቸው መረቁ። ሁሉም ሰው እንደ ሃይማኖቱ ከየበጉ ሲቀርብ እርስዎ ብቻ በሃይማኖት ልዩነት እንደማያምኑ በተግባር ለማሳየት ከሁለቱም በሉ። አሜን ሲባልም ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የእርስዎ ድምፅ ነበር። እኔ የዋሁ ሊቀመንበራችን እንዴት ያለ የሕዝብ ሰው ነው እያልሁ የጎድኑን ለእርስዎ ሳቀርብ ነበር።

3ኛ. በአሥራ አምስተኛው ቀን የትርፍ ቤት አጣሪ ኮሚቴ ግቢዬ ድረስ ስለ ላኩልኝ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ጋራዡን ዞሮ ዞሮ አየ፤ መስኮት ፈለገ አጣ፣ ምድጃ ፈለገ አጣ፣ መደብ ፈለገ አጣ፤ ያገኘው ጎማዋ ያለቀ መኪና ብቻ ነው። በዚህ ግራ ተጋብቶ ሊመለስ ሲል የኮሚቴው ጸሐፊ ጓድ አስፋው መፍትሔ አገኘለት። የቃለ ጉባኤው ቅጂ ስለ ደረሰኝ ቃል በቃል ልጥቀሰው፦ «ግንባታው ቤት ባይሆን ኖሮ ባልተመረቀ፤ መመረቁንም ሊቀመንበሩ በቦታው ተገኝተው ያረጋገጡ ስለሆነ፣ ትርፍ ቤት ሆኖ ተገኝቷል።»

ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህን የጻፈው ሰው ከሌላ አገር የመጣ ቢሆን አልፈርድበትም ነበር። ጓድ አስፋው ግን እትብቱ እዚሁ የተቀበረ የአገሬ ልጅ ነው። ጎተራ እንደሚመረቅ፣ የውኃ ጉድጓድ እንደሚመረቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠመደ ወይፈን እንደሚመረቅ እኔ ለእሱ ላስተምረው ነውን? ይህ አሁን ደብዳቤዬን የተሸከመው ወፍጮ ቤት ሞተሩ ሲተከል ዶሮ ታርዶለት ተመርቋል። ኮሚቴው የተመረቀውን ሁሉ ቤት ነው እያለ መዝግቦ ሊወርስ ከተነሣ ከጎሊና እስከ ሆርማት ወንዝ ያለው በሬ ሁሉ ትርፍ ቤት ስለሆነ መዝገቡን ከአሁኑ ቢያሰፉት እመክራለሁ። በደስታዬ ቀን ከእጄ በጎረሰው አፍ በእኔው ላይ መመስከር ግን በእኛ አገር ስም አለው፤ ስሙን እርስዎም ስለሚያውቁት እዚህ አልጽፈውም።

4ኛ. በዚህ ውሳኔ ጋራዡ በታሸገ በሳምንቱ እሽጉ ተቀዶ የኪነት ቡድኑ መለማመጃ ስለሆነ ለኪነት እድገት ላደረጉት አስተዋፅኦ አመሰግናለሁ። መኪናዬን አውጥታችሁ ስጡኝ ብል የንብረት ቆጠራው አላለቀም ተባልሁ። በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ ባይ ከበሮ መቺው ጣሪያዋ ላይ ተቀምጧል። ሰሞኑን ደግሞ መፈክር ይጻፍባት ተብሎ ተወስኖ፣ ከፊት ያለውን ክዳን በቀይ ቀለም ሊጽፉበት አስበው፣ የፊያት ስድስት መቶ ፊቷና ኋላዋ የቱ እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው ስላጡ «ወደፊት» የሚለውን ሞተሯ ባለበት የኋላ ክዳን ላይ፣ ማለት ከመቀመጫዋ ላይ ጽፈውታል። ይህን ሳይ መሣቅ ነበረብኝ። አልሣቅሁም። ዘጠኝ ዓመት በጨርቅ የወለወልሁትን ቆርቆሮ እንደዚያ ሆኖ ሳየው ተናደድሁ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

5ኛ. እንደዚያ ቀን ተናድጄ የማላውቅ የመሰለኝ እስከ ትናንት ድረስ ነበር ማለቴ ነው። ትናንት ከእርስዎ ዘንድ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት መጣልኝ። በአምስት ቀን ውስጥ ከሁለቱ ቤቶቼ አንዱን እንድመርጥ፣ ሌላውንም «ለሰፊው ሕዝብ በገዛ ፈቃዴ አስረክቤያለሁ» ብዬ እንድፈርም ታዝዣለሁ። ጋራዡን ከመረጥሁ የተወለድሁበትን፣ እናቴ የሞተችበትን ቤት እለቃለሁ፤ ምድጃ ወደሌለው አንድ ክፍልም እንገባለን። ቤቱን ከመረጥሁ ጋራዡ ይሄዳል፤ መኪናይቱም ወይ የቀበሌ ንብረት ትሆናለች ወይ ተመልሳ ዘነበች አልጋ አጠገብ ትቆማለች። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይባል የለ።

ወረቀቱን ለዘነበች አነበብሁላት። እሷም «መልሰህ አስገባት። እኔ እንደሁ ሳሉን ለምጄዋለሁ» አለችኝ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህች ሴት መኪና አትወድም። ያቺን መኪና ግን እኔ እንደምወዳት ታውቃለች። አንድ ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ሚስቱ ትንፋሿን ልትሰጠው ስትሰናዳ ሲያይ ምን እንደሚሰማው በኮሚቴ አጣርተው ይድረሱበት፤ እኔ በጽሑፍ ላስረዳዎ አልችልም። የተሰማኝን ውርደት የሚያክል ከዚያ በፊት አልደረሰብኝም።

ያን ጊዜ ነው ጋራዡን ልሥራ አልሥራ እያልሁ ያባከንሁት ዓመት ያናደደኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ አዋጁን ስፈራ የነበረው በከንቱ ነው። አዋጁን አንብቤዋለሁ፤ በግ የበላ ሰው መስክሮ የሰው ጋራዥ ይውሰድ የሚል ቃል የለበትም። መፍራት የነበረብኝ እርስዎን ነው፤ እርስዎን ደግሞ ስላጎረስሁዎ አልፈራሁም።

እንግዲህ የጠየቁኝን ውሳኔ ላሳውቅዎ። መኪናይቱ ወደ ቤት አትመለስም፤ ለቀበሌው ከሆነችም ትሁን፣ የዘነበች ደረት ግን ከእንግዲህ የማንም ጋራዥ አይሆንም። ከሁለቱ ቤት አንዱን ምረጥ ላሉኝ አልመርጥም፤ ያለኝ አንድ ቤት ነውና። ጋራዡን መውሰድ ከፈለጉ አብዮት ጠባቂው ጠመንጃ አለው፣ እኔ ያለኝ መፍቻ ነው፤ ይውሰዱት። በመዝገባችሁ ላይ ግን ይሁኔ ካሳ በገዛ ፈቃዱ ሰጠ ብላችሁ አትጻፉ። ያቀረባችሁልኝ ወረቀት ይኸው ሳይፈረምበት ከዚህ ደብዳቤ ሥር ተለጥፏል፤ የፈለገ ሁሉ ባዶውን ቦታ ማየት ይችላል። ነጠቅነው ብላችሁ ጻፉና ያን ጊዜ እኔ ራሴ መጥቼ እውነት ነው ብዬ በአውራ ጣቴም በስሜም እፈርማለሁ።

ይህ ከተለጠፈ በኋላ ልጠራ እንደምችል አውቃለሁ። ዘነበችም አውቃ ጋቢዬን አጥባ አጥፋ አስቀምጣልኛለች። ወፍጮው ቆሞ ሕዝብ እንዳይጉላላ የሚተካኝን ሰው የሞተሩን አነሳስ አሳይቼዋለሁ፤ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባዎ።

በፍጹም ትሕትና፣ ቃልዎን እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ ምሰሶ የተከለው፣ በሁለት በግ ምስክር የገዛው፣ ባለ ሁለት ቤት መሆኑን ከኮሚቴ የሰማው፣ ምንጊዜም ለጤናዎ የሚጸልየው፣

ይሁኔ ካሳ
የወፍጮ መካኒክ

ግልባጭ፦
ለትርፍ ቤት አጣሪ ኮሚቴ (በራቸው ላይ ተለጥፏል)
ለሼህ እንድሪስና ለመምሬ ታረቀኝ፤ ከእንግዲህ ምን እንደሚመርቁ እንዲጠነቀቁ

ከፈረምሁ በኋላ የታወሰኝ፦ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ከቤትዎ ጀርባ ላሠሩት የማሽላ መጋዘን እንኳን ደስ አለዎ ሳልልዎ ቀርቻለሁ። እጅግ ያማረ ነው፤ የኔ ጋራዥ የሌለው ሁለት መስኮት አለው። ቆርቆሮው የተመታ ዕለት ሼህ እንድሪስም መምሬ ታረቀኝም መርቀውታል፣ ሁለት በግም ታርዶለታል። እኔ የበላሁት ከአንዱ ብቻ ነው፤ አሜን ግን ብያለሁ። ኮሚቴው በቦታው ተገኝቶ ምርቃቱን ያረጋገጠ ምስክር ቢፈልግ ከወፍጮ ቤቱ አልጠፋም።