የእማዬ መኪና ከፍ ስትል

የካቲት 3
መነጽር ቤቱ ዛሬ ጭር ብሎ ዋለ። አንዲት ሴትዮ መነጽሯ ላይ ተቀምጣበት መጥታ "ራሱ ነው የተጣመመው" አለችኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ አቃናሁላት።
ራት ላይ ከአባዬ ጋር ሬዲዮ እየሰማን ነበር። ስለ ግድቡ አወሩ። ውሃው ክረምት ሳይገባ ሸለቆውን ይሞላዋል አሉ። ሸለቆው... የእኛ ሸለቆ። እማዬ አዋላጅ ሆና የሠራችበት ጤና ጣቢያ፣ ከጀርባው ያለው ቤታችን፣ እኔና ወንድሜ የተወለድንበት። አባዬ ማንኪያውን አስቀመጠ። ሬዲዮውን ዘጋና "ሾርባው ጨው አንሶታል" አለ።
አላነሰውም ነበር።

የካቲት 5
ቡሎኔ ጋ ደወልኩ። ወንድሜ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ የሕንጻ ኤሌክትሪክ ይዘረጋል፤ በልጅነቱ ከእማዬ መኪና ቡሎን ፈትቶ የዋጠ ጊዜ የወጣለት ስም ግን እስከ ዛሬ አለቀቀውም።
"አባዬ ሳያየው ቤቱን ውሃ ሊበላው ነው" አልኩት።
"መንገዱን እኮ ጎርፍ ጨርሶታል፣ እትዬ። ድንጋይ ብቻ ነው። የእማዬ መኪና ሆዷ ይላጣል።"
"ከፍ ብናደርጋትስ?"
ሳቀ። ቡሎኔ ሲስቅ እሺ ማለቱ ነው።

የካቲት 12
ሸራውን ከእማዬ መኪና ላይ ገለጥን። እማዬ ካረፈች ወዲህ ሞተሩን እያስነሳሁ አጠፋለሁ እንጂ ከግቢ አውጥቻት አላውቅም። በሩን ስከፍት ያ ሽታ... ቤንዚን፣ አቧራ፣ የቁስል አልኮል። እውነት አሁንም አለ? ወይስ አፍንጫዬ ነው የሚያስታውሰው?
እማዬ አጭር ነበረች። እጀታውን ይዛ ዘላ ነበር የምትገባው። እኔና ቡሎኔ ከኋላ፣ አባዬ ጋቢና ከጎኗ። መንዳት አያውቅም። የሰፈሩ ወንዶች ያሾፉበት ነበር። እሱ ደግሞ "ይዛኝ የሄደችበት ሁሉ ደርሼ በሰላም ተመልሻለሁ" ይላቸዋል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ንግግሩም እንደ ስፌቱ ትርፍ ክር የለውም።

የካቲት 14
መኪናዋን ከፍ የሚያደርገው ዕቃ መጣ። ሳጥኑ ለብቻ አይነሳም። መኪናዋን ከሥር የሚሸከሙ ወፋፍራም ባሌስትራዎች፣ ንዝረት የሚያበርዱ ከድሮዎቹ የረዘሙ አሞርዛተሮች፣ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፉ ቡሎኖች። ቀኑን ሙሉ የመነጽር ቡሎን በወረንጦ ስለቅም የምውል ሰው፣ አንዱን ለማንሳት በሁለት እጄ ያዝኩት። ራሴን አሳቀኝ።
ጎረቤታችን ጡረተኛው መካኒክ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ "አንቺ ልጅ፣ የሚያነሳትን ክሪክ አምናችሁ ሥሯ እንዳትገቡ!" አለኝ።
"እሺ ጋሼ።"
አባዬ ከስፌት ማሽኑ ተነስቶ መጣ። ሳጥኑን ዞረው። ምን ልናደርግ እንደሆነ ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር...
"ከፍ ካደረጋችኋት እናትሽ እንዴት ትወጣባታለች?" አለ።
እሱ ራሱ ያለውን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ መሰለኝ። ቀስ ብሎ ወደ ቤት ገባ።

የካቲት 15
ቀኑን ሙሉ ያ ጥያቄ በጆሮዬ። ቤቱን ላሳየው ብዬ መኪናዋን ልወስድበት ነው እንዴ? እሷ የነካችው ነገር ስንት ቀረው?

የካቲት 19
ልጻፈውና ይውጣልኝ።
ጠዋት ጥሩ ጀመርን። የቡሎኖቹ ዳዶዎች ዝገት በልቷቸው አንፈታም አሉ። ናፍጣ አጠጣናቸው። ቡሎኔ መፍቻ ቁልፉ ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን ሲዘል፣ "ክብደትህ ዛሬ ገና ለቁም ነገር ዋለ" አልኩት። የኋላውን አንዱን ባሌስትራ አወረድን። የደገፍንባቸውን ማቆሚያ ብረቶች ወደ ሌላው ጎን ልናዞር፣ ለአንድ አፍታ ብቻ ብለን በክሪክ ተውናት።
ክሪኩ ያረፈበት እርጥብ አፈር ሰመጠ። ክሪኩ ተንሸራተተ። ድምፁ... መኪናዋ ዘፍ አለች። ቡሎኔ ትከሻው ድረስ ሥሯ ነበር። የፈታነውን ጎማ ከጎኑ አጋድመነው ባይሆን ኖሮ... መኪናዋ ጎማው ላይ አረፈች። ቡሎኔ ክንዱ ተልጦ እየተንፏቀቀ ወጣ። ለመሳቅ ሞከረ፣ አልመጣለትም።
አባዬ በነጠላ ጫማ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጦ መጣ። የቡሎኔን ጣቶች አንድ በአንድ ዳሰሰ። ከዚያ ጮኸ። አባዬ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም።
"እሷን ቀብሬያለሁ! እናንተን አልቀብርም! ቤቱን ውሃ ይብላው፣ በቃ!"

የካቲት 20
መኪናዋ አንድ እግሯን እንዳነሳች ቆማለች። አባዬ ሲያልፍ ዞር ብሎም አያያትም።

የካቲት 26
ቡሎኔ መኪናዋን እንደነበረች ሊመልሳት መጣ። ተስማምተን ነበር። ወደ ግቢ ስንወጣ ግን አባዬ ቀድሞናል። ያወረድነው አሮጌ ባሌስትራ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ተደራርበው የታሰሩትን ብረቶች በጨርቅ ይጠርጋል።
"ይቺን አያችኋት?" አለ። አንዷ ብረት ከሌሎቹ ትለያለች። ሸካራ፣ የመዶሻ ምት ያረፈባት። እስከ ዛሬ አላየናትም።
"አንቺ ገና ዳዴ ትያለሽ፤ ጎረቤት ትተንሽ ወጣን። ወንዙ ማዶ ምጥ የጠናባት ሴት ነበረች። መሻገሪያው ላይ ባሌስትራው ተሰበረ። ዝናብ። እናትሽ ቦርሳዋን ይዛ በእግሯ ቀጠለች። እኔን 'አንተ መኪናዋን ጠብቅ' አለችኝ።"
"ጠበቅህ?"
"ምኑን እጠብቃለሁ? የተሰበረውን ፈትቼ በትከሻዬ ብረት ቀጥቃጩ ጋ ወሰድኩት። ሽቅብ ነው። ጭቃው ያዳልጣል። ተንከባልያለሁም። ሰውየው ከሌላ ብረት ቀጥቅጦ ሠራልኝ፣ ተሸክሜ ተመለስኩ። እሷ ልጁን አዋልዳ ስትመጣ፣ እኔ የመጨረሻዋን ዳዶ እያጠበቅሁ ነበር። ማን ቀድሞ እንደጨረሰ ግን ተስማምተን አናውቅም።" ሳቀ።
ስለዚያች መኪና የምናውቀው ታሪክ ሁሉ የእማዬ ነበር። አባዬ በእያንዳንዱ ውስጥ ከጎን የተቀመጠ ሰው ነው። ወይስ እኛ ነን ከጎን ያስቀመጥነው?
"ታዲያ መንዳት ለምን አልተማርክም?" አልኩት። "እማዬ ፈርቶ ነው ትል ነበር።"
"ፈርቶ ትበል።" ጨርቁን አጣጠፈ። "መንዳት ብችል እኮ ተራ በተራ ልንነዳ ነው። በእኔ ተራ እሷ ትተኛለች። እኔ ደግሞ ከጎኗ ሆኜ እያየኋት ማውራት ነበር የምወደው።"
ቡሎኔ ፊቱን ወደ ግቢው ዛፍ አዞረ።
ከዚያ አባዬ ተነሳ። "ከሠራችኋት አይቀር እንደ ሰው ሥሯት። ጎረቤታችንን ጥሩት። ያቺን ብረት ደግሞ ለቆራሌው እንዳትሰጡብኝ።"

መጋቢት 3
ቆመች! መካኒኩ ከጠዋት ጀምሮ እየተቆጣን፣ እየቀለደብን አብሮን ዋለ። መኪናዋ ስለተነሳች የፍሬን ቱቦው እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ነበር። "ይሄ ጉድጓድ ላይ ይበጠስና ያን ጊዜ ጸሎት ነው ፍሬናችሁ" አለ። ረጅም ቱቦ ገጠምን።
ራቅ ብዬ አየኋት። እንግዳ ትመስላለች። እንደ ጎረመሰ ልጅ እግሯ ረዝሞ... የእማዬ አልመስልሽ አለችኝ። ለምን እንዲህ ከፋኝ?
አባዬን ጋቢና ለማስገባት እኔ ከላይ ስስብ፣ ቡሎኔ ከታች ሲገፋ፣ "ጆንያ ነኝ እንዴ?" እያለ ጋቢናው ላይ ተዘረገፈ። ሁላችንም ሳቅን። እሱም።

መጋቢት 4
ከከተማው ዳር ድረስ ነዳኋት። መሪው ትንሽ ይቅበዘበዛል። ተመልሰን ቡሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጠበቅን።

መጋቢት 10
ደረስን። ደርሰን መጣን።
መንገዱ መንገድ አይባልም። ጎርፉ የገዘገዘው ቦታ ስንደርስ ቡሎኔ ወርዶ ከፊት በእጁ ይመራኛል፤ "ግራ፣ ግራ፣ አሁን ልቀቂው!" እያለ። በአንደኛ ማርሽ ድንጋዩ ላይ ወጣች፣ ተንገዳገደች፣ ወረደች። ሆዷን አልነካትም። አባዬ ዳሽቦርዱን ጨምድዶ ይዟል።
ውሃው ገበያውን ውጦታል። የብረት ቀጥቃጩ ሰፈር የለም። ቤታችን ግን ቆሟል፤ ውሃው አጥሩ ሥር ደርሶ። በርና መስኮቱን ሰዎች ነቅለው ወስደውታል። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ እማዬ ሕፃናትን የምትመዝንበት ሚዛን መስቀያ መንጠቆ ብቻ ቀርቷል።
አባዬ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ገባ። መስኮቱ ጋ ቆመ። "ማሽኔ እዚህ ነበር። ብርሃኑ ከግራ ይመጣል። ስሰፋ ቀና ካልኩ፣ በዚያ በጤና ጣቢያው በር ስትገባ ስትወጣ አያታለሁ።" እኔም አየኋት ልበል? ነጭ ጋውኗን... እጅጌውን የሚያሳጥርላት እሱ ነበር።
ስንወጣ ቡሎኔ የጤና ጣቢያውን መንጠቆ ሊነቅለው ሲል አባዬ እጁን ያዘው። "ተወው። የቦታው ነው።"
ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ውሃውን አየነው። ድምፅ የለውም። እንደሚመጣ የሚታወቀው፣ ስንደርስ ደረቅ የነበረው ድንጋይ ስንነሳ ረጥቦ ነው። አባዬ ኮፍያውን አውልቆ ትንሽ ቆመ። ከዚያ "እንሂድ ልጆቼ" አለ። ወደ ኋላ አልዞረም። እኔ ነኝ የዞርኩት።

መጋቢት 12
ከጉዞው ወዲህ ጉልበቴ አላስቀምጥ ብሎኛል። መሪው ሥር ተጣጥፌ ስነዳ ውዬ...
ዛሬ ከአባዬ ጋር ሽንኩርት ልንገዛ ልንወጣ ስንል ሳነክስ አየኝ።
"ወንበሩን ወደ ኋላ ለምን አትገፊውም?"
"እማዬ እንዳስቀመጠችው ነው።"
"እሷ አጭር ነበረች፣ ልጄ። አንቺ የወረስሽው የእኔን እግር ነው።"
ማንሻው ዝጎ ተጣብቋል። ዘይት አንጠባጠበበት። አብረን ገፋነው። ሲጥ... ብሎ ተንሸራተተ። ሥሩ የእማዬ የፀጉር ማስያዣ ተገኘ። አባዬ ኪሱ ከተተው።
ገብቼ ተቀመጥኩ። እግሬ ተዘረጋ። መስታወቱንም ወደ ቁመቴ አመጣሁት። አባዬ በወዲያኛው በር እያቃሰተ፣ እርዳታዬን በእጁ እየከለከለ፣ ወጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ገና ከግቢው ሳንወጣ ማውራት ጀመረ፤ ስለ አንድ ደንበኛው፣ ሱሪው በጠበበው ቁጥር ጨርቁን ስለሚወቅሰው ሰውዬ።
ሽንኩርት የሚሸጡት እዚሁ ከመታጠፊያው ወዲያ ነው።
ረጅሙን መንገድ ያዝኩ።