የተነከሰው ጠገራ

ጥቅምት 6
ጠዋት የገቡ ጠገራ ብሮች፦ አሥራ አራት። አሥራ አንዱ አገልግለው ያለቁ፣ ሁለቱ የአንገት ማንጠልጠያ የተበየደባቸው። አንዱ ግን... ጠርዙ አንድ ቦታ ላይ እንደ ጨረቃ የተነከሰ። ያመጣው አንጥረኛው ዩሱፍ ነው። "ከድሮ ቤት የወጣ" አለ። ሌላ አላለም።

የሱቄ በር ላይ ወጥቼ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ከታተመ በኋላ የተቆረጠ ከሆነ ተቃራኒው ጠርዝ ደህና ይሆናል። ከመታተሙ በፊት ጎዶሎ ከነበረ ግን የተቃራኒው ጠርዝ ቅርጽ በደንብ አይወጣም። የዚህኛው ለስልሷል። የፋብሪካ ስህተት። ሰብሳቢ የሚሻማበት ብርቅ!

ድሬዳዋ ለነጋዴው ለሀሚድ ደወልኩ። "ጋሽ አሰፋ፣ እርስዎ የፋብሪካ ነው ካሉ ሳላየው እወስደዋለሁ።"

ጥቅምት 8
ሀሚድ መጥቶ ወሰደ። ለማን እንደሚሸጠው ጠየቅኩት። "ኤልሳዕ ለሸጠለት ሰውዬ" አለ እየሳቀ።
እኔ አልሳቅኩም። ኤልሳዕ እንደኔው ብር ነጋዴ ነው፤ ለዚያ ሰውዬ የተበላሸ ብር ደህና ነው ብሎ ሸጦ ነበር። ሱቁ ከተዘጋ ሦስት ወሩ። የት እንዳለ ሚስቱም አታውቅም።
ምን ቸገረኝ? የእኔ ትክክለኛ ነው።

ጥቅምት 13
ዩሱፍ ሌላ ሁለት አመጣ። ሁለቱም የተነከሱ፣ ብሩ ላይ ከታተመችው ንግሥት ራስ በላይ። የመጀመሪያውም እዚያው ነበር...
ፋብሪካ ሦስቴ አንድ ቦታ ይሳሳታል?

"እነዚህን ማን ነካቸው?"
"እኔ ነኛ! ማንጠልጠያውን ቆርጬ ብየዳውን በክብ ሞረድ አነሳሁት። ማንጠልጠያ ያለው አይሸጥም ያልከው አንተ አይደለህ?"
"ተቃራኒውን ጠርዝስ ማን አለሰለሰው?"
ሳቀብኝ። "ወላሂ አሰፋ፣ አርጅተሃል! ሃምሳ ዓመት ሴት ደረት ላይ ተንጠልጥሎ ታችኛው ጠርዝ አያልቅም?"

ጠርዙን እየተፋተገ ልብስ ነው የበላው። ይህን ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን የፈለግኩትን አየሁ። ዩሱፍ የፋብሪካ ነው አላለም። ያልኩት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 14
ለሀሚድ ልነግረው ሳስብ እሱ ቀድሞ ደወለ። ድምፁ ቀጥኗል።
"ሰውዬው አዲስ አበባ አስመረመረው። የሞረድ ሥራ ነው ተባለ። ከማን እንደገዛሁ ጠየቀኝ... ልጆች አሉኝ ጋሼ። ስምዎን ሰጠሁት።"
"ምን አለ?"
"አልተቆጣም። 'ሞረዱን የያዘውን እፈልጋለሁ' ነው ያለው።"

ጥቅምት 15
ከሱቁ ፊት ለፊት ነጭ መኪና፣ ከጠዋት ጀምሮ። ማንም አልወረደም።
ዩሱፍ ፈረስ መጋላ አደባባይ ደርሻለሁ፣ ልምጣ ብሎ ሲደውል ከመንገድ መለስኩት። ጅጅጋ እህቱ ጋ እንዲሄድ ነገርኩት።
"ምን አጠፋሁ?"
"ምንም። ዛሬውኑ ሂድ።"

ጥቅምት 16
ጠዋት የገባ ብር፦ የለም። ሱቁን አልከፈትኩም።
ቁጥሩን ከሀሚድ ተቀብዬ ለሰውዬው ራሴ ደወልኩ። ስህተቱ የእኔ ነው፣ መጥቼ ላሳይዎት አልኩት።
"የሠራውስ?"
"አይቼ የመሰከርኩት እኔ ነኝ።"
"ነገ ድሬዳዋ ና። ብቻህን።"
ከሰዓት መኪናው ሄዷል።

ነገ፦ በመጀመሪያው ሚኒባስ ድሬዳዋ። ሁለቱን የተሞረዱ ብሮች፣ ማንጠልጠያ ያለበት አንድ፣ አጉሊ መነጽር መያዝ። ስልኬን ቤት መተው፣ የዩሱፍ ቁጥር አለበት። የሱቁን ቁልፍ ለባለቤቴ ለአልማዝ መስጠት።