ከጣሪያዬ ላይ ፀሐይን ስለማንሳት

ለክቡር የአካባቢያችን የኃይል ማከፋፈያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
በብርሃንም ሆነ በጨለማ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ይቅርታ ማስታወቂያዎ ሳይቋረጥ እንዲዘልቅ፣ ዕድሜዎም ለመሥመር ጥገና እንደሚሰጡን ቀጠሮ እንዲረዝም ከልብ እየተመኘሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔና ባለቤቴ አልፎ አልፎ ከመጨለማችን በቀር እጅግ ደህና ነን።

ስሜን መዝገብዎ ያውቀዋልና አላደክምዎትም። በጓሮዬ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ከባለቤቴ ጋር በማሽን ጫጩት የማስፈለፍል ሰው ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቆጣሪ አንባቢያችሁ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አምጥቶ አስፈረመኝ። ቃሉ እንዳለ ይህ ነው፦ «ከጽሕፈት ቤታችን ዕውቅና ውጪ በመኖሪያ ቤትዎ ጣሪያ ላይ ሆና ኃይል የምታመነጨውን ፀሐይ፣ ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በአሥር ቀናት ውስጥ እንዲያነሱ በጥብቅ እናሳስባለን።»

«የፀሐይ ሰሌዳ» ሊባል ሲገባ «ሰሌዳ» የምትለው ቃል በትየባ ወድቃ ቀርታ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቆጣሪ አንባቢውንም ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እኔ አድርስ ተባልኩ አደረስኩ፤ ማንሳቱን እርስዎ ይወቁበት» ብሎኝ ሄደ። ማኅተም ያረፈበት ጽሑፍ ተሳስቷል ብሎ መጠርጠር ደግሞ ካደግሁበት ሥርዓት ውጪ ስለሆነ፣ ትእዛዙን በተጻፈው መሠረት ለመፈጸም መሰላል ተዋስኩ።

በመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ወጣሁ። መሰላሉን የያዘችልኝ የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት። እሷ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስትሆን፣ ሰሌዳውን ገጥማ ባትሪውን ከመፈልፈያው ማሽን ጋር ያገናኘችልንም ራሷ ናት። ከታች ሆና «ጋሼ፣ ትፋጃለች፣ ጓንት ላምጣልዎት?» ትለኝ ነበር። ፀሐይቱ ለማስጠንቀቂያው ምንም ዓይነት ክብር ስላላሳየች አንገቴ ተቃጥሎ ወረድሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን ማንም ሳይነካት በገዛ ፈቃዷ ተነሥታ ሄደች። ደብዳቤው ተፈጸመ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በማግስቱ ማለዳ፣ ያለ ማመልከቻና ያለ ቴምብር፣ እዚያው ቦታዋ ላይ ተገኘች። ይህ ነገር እነሆ አምስት ቀን ተደጋግሟል። እኛ ስለ እርስዎ መብራት ስናወራ እንደ ኩርፈኛ ዘመድ «ሄደ»፣ «መጣ» እንላለን፤ ለምን እንደሄደ አይናገርም፣ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። እሷ ግን ሰዓቷን ታውቃለች። እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት ያለው ሠራተኛ በመሥሪያ ቤትዎ ስላልተለመደ ቢያስደነግጥዎት አልፈርድብዎትም።

እግረ መንገዴን ያልተነገሩ ምስጋናዎቼን በቁጥር ላስቀምጥ።

1ኛ. ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን የአባቶች ብሂል ስላሻሻሉልን እናመሰግናለን። በእኛ ቤት ቀድሞ የሚሄደው መብራቱ ነው። እንቁላል ጫጩት እስኪሆን ሃያ አንድ ቀን ሳይቋረጥ ሙቀት ይፈልጋል፤ ለሃያ ቀን ሞቆ በአንዱ ቀን ቢበርደው ያው ነው። አምና ሁለት ዙር አጥተናል። በሁለተኛው ዙር አሥራ ዘጠነኛው ቀን ላይ መብራቱ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት በኋላም ሳይመጣ ቀረ፤ ብርድ ልብሱን ሁሉ አውጥተን ማሽኑን አለበስነው። በዚያ ዕድሜ ጫጩቱ ገና ቅርፊቱ ውስጥ ሳለ ሲንጫጫ ይሰማል። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እያነሣች ጆሮዋ ላይ ታደርግ ነበር። ሦስት መቶ ያህል አዳምጣ ስትጨርስ ተነሥታ እጇን ታጠበች። በማግስቱ የእናንተ ማስታወቂያ «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» አለ። ታዳሽ ኃይል ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው፦ ይቅርታችሁ በየሳምንቱ ይታደሳል፣ አያልቅም፣ ጭስም የለውም።

2ኛ. ሰሌዳውን ከመስቀላችን በፊት በሕግ እንሂድ ብለን ቢሮዎ መጥተን ነበር። የተሰጠን ቅጽ አራተኛው ተራ ላይ «የኃይል ምንጩን የባለቤትነት ማረጋገጫ አያይዙ» ይላል። የፀሐይን ካርታና ፕላን ከየት እናምጣ ብለን ብንጠይቅ፣ በመስኮቱ ያለው ባለሙያ «የግል ካልሆነች ከወላጅ በውርስ መተላለፏን የሚያሳይ ይሁን» አለን። ባለቤቴም «አዎ፣ ከእናቴ ነው ያገኘኋት፤ እሷም ልብስ ታሰጣባት ነበር» ብላ መለሰች። ቅጹ እስከ ዛሬ በሂደት ላይ ነው። ለትጋታችሁ ምስጋናችን የላቀ ነው።

3ኛ. በቢሮዎ ፊት ለፊት «ታዳሽ ኃይል ለነገው ትውልድ» የሚል ሰፊ ሰንደቅ ሰቅለዋል። ከሥሩ ደግሞ የናፍጣ ጄኔሬተር ያጉረመርማል፤ ጭሱም «ታዳሽ ኃይል» የሚለውን አጥቁሮ «ለነገው ትውልድ» የሚለውን ብቻ አስቀርቷል። ክቡርነትዎ፣ እውነቱ ሳይደበቅ በመጻፉ ደስ ብሎናል።

4ኛ. የመስኮቱ ባለሙያ ሰሌዳ ብንሰቅል የመሥመሩን ደኅንነት አደጋ ላይ ይጥላል ብሎን ነበር። ሰሌዳውና መሥመርዎ አልተገናኙም፤ እንኳን ሊገናኙ ሰላምታም የላቸውም። ባዶ ሽቦ ከምን ይጠበቃል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ቀልዱም እዚህ ላይ ያብቃ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ማሽኑ ውስጥ ያሉት አራት መቶ እንቁላሎች አሥረኛ ቀናቸውን በያዙበት ዕለት ነው። የሰጡኝ አሥር ቀን የሚያልቀው በሃያኛው ቀን ነው። እነሱ የሚፈለፈሉት በሃያ አንደኛው ነው። ሰፈሩ ውስጥ ያዩን ሁሉ «አንድ ቀን ለምኑ፣ ሰዎቹ ሰው ናቸው» ብለውናል። አልለምንም። አንዷን ቀን ብለምን፣ የሰጡኝ አሥሩ ከእርስዎ ኪስ የወጡ ነበሩ ማለቴ ነው። ቀኑን የምታመጣው ፀሐይ ናት፤ እርስዎ ያደረጉት ቢኖር መቁጠር ብቻ ነው።

ስለዚህ ፀሐይዋንም ሰሌዳውንም አላነሣም። ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ነውና በድብቅም አላደርገውም፤ ደብዳቤውን በአደባባይ የምጽፈው ለዚህ ነው። በሃያኛው ቀን ሠራተኞችዎን ቢልኩ መሰላሉን አቀርባለሁ፤ ግን ከላይ እኔ፣ ባለቤቴና እህቷ ተቀምጠን እንደምንጠብቃቸው ይንገሯቸው። ጎረቤቶቻችንም ቦታ ይበቃ እንደሆነ እየጠየቁን ነው። ጣሪያው ጠንካራ ነው፤ ሰሌዳ ሳይሆን ሰፈር ይሸከማል።

ቀሪው ዘመንዎ ብሩህ እንዲሆን፣ ካልሆነም ምክንያቱ በወቅቱ እንዲገለጽልዎ እየተመኘሁ፣

ትእዛዝዎን ለመፈጸም አንገቱ እስኪላጥ ያንጋጠጠው፣
ታዛዥነቱ ግን በሃያኛው ቀን የሚያበቃው ጫጩት አስፈልፋይ ደንበኛዎ

ግልባጭ፦
ለፀሐይ
ባለችበት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ትናንት ቢሮዎ ድረስ አምጥቼ ነበር። መብራት የለም፣ ጄኔሬተሩም ናፍጣ ጨርሷል ተብሎ መዝገብ ቤቱ ሳይቀበለኝ ቀረ። ልወጣ ስል ጸሐፊዎ ተከትላ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ጋ ሶላር አለ አይደል? እባክዎ ይህቺን ስልክ ሰክተው ያምጡልኝ፤ የአለቃዬ ናት፣ ከዘጋች ሁለተኛ ቀኗ ነው» አለችኝ። ሰው አሳፍሬ አላውቅምና ተቀበልኳት። ስልክዎ አሁን ከመፈልፈያው ማሽን ጎን ተሰክታ፣ እስከ አፏ ሞልታ ተቀምጣለች። ልመልስልዎት ተነሥቼ ነበር፤ ባለቤቴ ግን ከዚያ ክፍል እንቁላሎቹ ሳይፈለፈሉ የሚነቀል ነገር የለም ብላ በሩን ቆልፋዋለች። ስለዚህ ስልክዎን ለመውሰድ በሃያ አንደኛው ቀን ብቅ ይበሉ።