ዋርድ ጨዋታውን ያስቆመበት ቀን

ዌልስፎርድ፣ ኦሃዮ
ኖቬምበር 28 ቀን 1909

ውድ ኮርዴሊያ፣

እህትሽ ጋ በደህና እንደከረምሽ ተስፋ አደርጋለሁ። የነብራስካ ብርድ ከእኛው ይብሳል ይላሉ። ወፍራሙን ካፖርትሽን ረስተሽው ስለሄድሽ ልልክልሽ ጠቅልዬው ነበር፤ እስካሁን ግን አልላክሁትም። እኔ ደህና ነኝ። ዋርድም ደህና ነው፤ አስቀድሜ የምነግርሽ ደብዳቤውን በፍርሃት እንዳታነቢው ብዬ ነው። አንድ ጣቱ ተሰብሮ ነበር፣ ድኗል።

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ስትሄጂ «ልጄን በሳንቃ ተሸክመው ሲያመጡልኝ በመስኮት ቆሜ አላይም» ብለሽኝ ነበር። አንቺን ሳላማክር፣ ያንን እየተጋጩ የሚጫወቱትን የኮሌጁን እግር ኳስ እንዲጫወት የፈረምኩለት እኔ ነኝ።  የሆነውን ብቻ ልንገርሽ።

ቡድናችን በጠቅላላው አሥራ አራት ልጆች ነበሩት፤ አምበሉ ዋርድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፍን። በሁለተኛው ጨዋታ ቀን ዝናብ ጥሎ ሁሉም ጭቃ ለብሰው የኛና የነሱ አይለይም ነበር። የግሪክኛው መምህር ፔቲቦን አጠገቤ ቆሞ «ሆስኪንስ፣ ያንተ ልጅ የትኛው ነው?» ቢለኝ «ከታች ያለው» አልኩት።

«ሁሉም ከታች ናቸው እኮ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አምስቱን በተከታታይ አሸነፍን። ዋርድ ኳሱን አቅፎ ሲሮጥና አራት አምስት ሆነው ሲከመሩበት ዓይኔን የጨፈንኩበት ጊዜ አለ። ግን ከአንድም ጨዋታ አልቀረሁም። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ልናየው ይገባል ብዬ ነው።

የመጨረሻው ጨዋታ ባለፈው ሐሙስ፣ በምስጋና በዓል፣ ከብራምዌል ኮሌጅ ጋር ነበር። እነሱን ካሸነፍን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖናል። ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ባዶ ለባዶ ነበርን፤ ኳሱ በእኛ እጅ ነው፣ ኳሱን ይዘን ካለፍነው ወደምናሸንፍበት መስመራቸው የቀረን ሃያ እርምጃ ያህል ነው። ከነሱ ወገን ሊንድክቪስት የሚባል ግዙፍ ልጅ ጭንቅላቱን ከመታው ግጭት ተነስቶ ቦታውን ይዟል፤ ፊቱን ግን ወደ ገዛ ጓደኞቹ አዙሯል።

ኦቲስ የሚባለው የኛ ልጅ «በሱ በኩል እንግባ፤ ይሄ አሁን በር እንጂ ግድግዳ አይደለም» አለ።

ዋርድ ወደ ልጁ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ የት እንዳለህ ታውቃለህ?» ሲል ጠየቀው።

ልጁም «ላሞቹን አልበሃቸዋል?» አለው።

ዋርድ እጁን አንስቶ ዳኛውን ጠራ። «ጌታዬ፣ ይህ ልጅ ራሱን አያውቅም። እሱ ሳይወጣ አንጫወትም» አለ።

ልጁን ደግፈው አስወጡትና በቦታው ያልደከመ ሰው ተኩ። ያው የተተካው ሰው ዋርድን መትቶ ሲጥለው ኳሱ ከእጁ አመለጠ፤ እነሱም አንስተው እስከ መስመራችን ሮጡበት። በዚያች አንድ ሩጫ አምስት ነጥብ አግኝተው አምስት ለባዶ ተሸነፍን።

አሰልጣኙ በልጆቹ ሁሉ ፊት «ስንለፋበት የከረምነውን በአንድ ቃል ሰጠሃቸው» አለው። ዋርድም «አዎ፣ ሰጠኋቸው» ብሎ ጫማውን መፍታት ቀጠለ። በማግስቱ ለከርሞ አምበል ሲመርጡ ኦቲስን መረጡ። ዋርድ ራሱ ድምፁን ለኦቲስ ሰጥቷል።

ሐሙስ ዕለት ከሜዳው አብረን ተመለስን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ «አባባ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» አለኝ።

«እንጃ ልጄ» አልኩት። እውነቱ እሱ ነው።

ትናንት የሊንድክቪስት እናት በጋሪ መጡ። ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ልጁ ነቅቷል፣ እናቱን ለይቷል፣ ሾርባም ቀምሷል። ሐኪሙ «ያንኑ ቦታ ደግሞ ቢመታ ኖሮ» ብሎ ሳይጨርስ እንደተወው ነገሩኝ። ዋርድን አቅፈው ሳሙት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እኔ የመጣሁት እንዲህ አድርጋ ያሳደገችውን እናቱን ለማየት ነበር። የት ናት?» አሉኝ።

«እህቷን ልትጠይቅ ነብራስካ ሄዳለች» አልኳቸው።

«መቼ ትመለሳለች?»

«ለገና» አልኩ። ከየት አምጥቼ እንደተናገርኩት አላውቅም። ዋርድ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶኛል፤ ቀና ብሎ አየኝ።

ሴትዮዋም «እንግዲያው ያኔ እመጣለሁ» ብለውኝ ሄዱ።

እግዚአብሔር አንቺንም የእህትሽንም ቤት በጤና ይጠብቅ። መልስ ባትጽፊልኝም አልቀየምም።

ሁልጊዜ የሚያስብሽ ባልሽ፣
ኤልበርት