አየር መራጩ

የካቲት 3

ሁለት የመጥለቂያ ልብስ አጠብኩ፣ አሰጣሁ። ስድስት ባዶ የመተንፈሻ አየር ሲሊንደር በጋሪ ወደሚሞላልን ሰው፣ ወደ አየር ሞይው፣ ወሰድኩ። እህቴ ብቻዋን ውሃ ውስጥ የአንዲት ጀልባ ሆድ ስትፍቅ ዋለች። እኔ? ጆሮዬ ነዋ፣ ያመኛል፣ አልጠልቅም። ይኸው ሁለት ዓመት ጆሮዬ ነው።

አየር ሞይው ሱቁን ሊዘጋ ነው። ሴት ልጁ ጋ ሊኖር ይሄዳል። እህቴ ስትሰማ እርጥብ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ፣ "እንግዲህ የራሳችንን የአየር መሙያ ኮምፕረሰር እንገዛለን። ምርጫው ያንተ ነው፣ ማሽን ታውቃለህ" አለችኝ።

ደስ አለኝ። ጉራም ቢጤ ሞከረኝ... ዓይኔ ግድግዳው ላይ እስኪያርፍ ድረስ። አባባ በቀይ ቀለም የጻፈው እዚያ አለ፦ "የሞላ ይቅደም"። ሲሊንደር የሞላ ሰው መጀመሪያ ራሱ በዚያ አየር ይጠልቃል፤ ለሌላ ሰው የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። የአባባ ማሽን ከሞተ ወዲህ ሌላ ሰው ስለሚሞላልን ደንቡን ረስቼው ነበር።

ማሽን የማውቀው እኔ። የምሞላው እኔ። የምገባውስ?

የካቲት 9

ኮምፕረሰር ሻጩ ጋ ሄድኩ። በቤንዚን የሚሠራ አሳየኝ። መብራት ቢጠፋ ግድ የለውም፣ ጀልባ ላይም ይጫናል።

"ጭሱ በየት ይወጣል?"

"በዚህ ቱቦ።"

"አየር የሚስበውስ?"

"በዚያኛው።"

"ነፋሱ ቢዞርስ?"

ሰውየው ትክ ብሎ አየኝ። "ጌታዬ፣ ነፋስ እኛ አንሸጥም።"

የካቲት 10

ቤንዚኑ ቀረ። ምክንያቱን ለእህቴ ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። ምን ማለቷ ነው?

የካቲት 22

የኤሌክትሪኮቹ ተራ። ትንሿ አንድ ሲሊንደር ለመሙላት አርባ ደቂቃ ትፈጃለች። ትልቁ አሥር ይበቃዋል፣ ግን ሲነሳ የሰፈሩን መብራት ይዞ ይሄዳል። መካከለኛዋ... እንከን አይወጣላትም። እሷ ናት ያስጨነቀችኝ።

ደብተር ገዝቼ ሠላሳ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ። ሚስቴ ገለጥ ገለጥ አደረገችው።

"እኔን ስታገባ ስንት ጥያቄ ጠየቅክ?"

"አንድ።"

"እሱንም እህትህን ልከህ።"

ከዛሬ ጀምሮ በቤቱ ውስጥ ስሜ "አየር መራጩ" ሆኗል።

መጋቢት 1

ጎረቤታችን ጎሚስታው አዘነልኝ መሰል፣ "ለምን የኔን ኮምፕረሰር አትጠቀሙም? አየር አየር ነው" አለኝ። አስረዳሁት። የእኛው የሱን ሃያ እጥፍ መጭመቅ አለበት። ከዚያ ዘይቱ፣ እርጥበቱ፣ ሽታው ተጣርቶ መውጣት አለበት። "ያንተ ጎማ አያስልም" አልኩት።

"እሺ፣ የምትጠልቀው እህትህ አይደለችም እንዴ? አንተን እንዲህ ምን አስጨነቀህ?"

ሥራ አለብኝ ብዬ ሄድኩ። ሥራ አልነበረብኝም።

መጋቢት 2

ለራሴ እንኳ ልጻፈው። ጆሮዬ ደህና ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ትልቅ መርከብ ሥር ነበርኩ፣ አሥር ሜትር ላይ። ሲሊንደሩን የሞላልን ሌላ አየር ሞይ ቤት ነው፤ የቤንዚን ማሽን ነበራቸው። ነፋሱ ዞሮ የገዛ ጭሱን ሲስብ ማንም አላየም። ጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ ደግሞ አይሸትም፣ ጣዕምም የለውም። ራሴን ወጋኝ፣ ከዚያ መፋቂያው ከእጄ ወደቀ፣ ከዚያ... እህቴ ወገቤ ላይ በታሰረው ገመድ ጎትታ አወጣችኝ። ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቴን ከውሃ በታች አድርጌ አላውቅም። ፊቴን ስታጠብ እንኳ ቶሎ ነው።

እፈራለሁ። ነገሩ ይኸው ነው። አንዷን ከመረጥኩ ሞልቼ መግባት ሊኖርብኝ ነው፤ ስለዚህ አልመርጥም።

መጋቢት 13

ዛሬ እህቴ ከውሃ ስትወጣ መሰላሉ ላይ ቆመች። ሦስተኛው ደረጃ ላይ። ጉልበቷ እምቢ አላት። እጄን ዘረጋሁላት።

"እትዬ፣ አመመሽ እንዴ?"

"ጆሮዬን ነው" አለች።

ጉልበቷን ይዛ። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። ታውቃለች ማለት ነው? ከመቼ ጀምሮ?

ሻጩ ጋ ደወልኩ። መካከለኛዋን አምጣ አልኩት።

"ጥያቄ የለዎትም?" አለ፣ ግራ ገብቶት።

መጋቢት 24

መጣች። ሁለት ቀን ክር ሰቅዬ ነፋስ ስለካ ሰነበትኩ። በፊት ለፊት መንገድ፣ በጎን የጀልባ ሞተር... ንጹህ አየር ያለው በጓሮ በኩል ነው። የምትስብበትን ቱቦ እዚያ ግድግዳ ላይ አቆምኩ። የጭስ መርዝ ጠቋሚም ገዛሁ፤ ዜሮ ይላል።

ከአየሩ ዘይትና ሽታ የሚይዘው የማጣሪያው ከሰል ለብቻው ታሽጎ መጣ። እርጥበት ጠላቱ ነው። ለጊዜው ቁም ሳጥን ውስጥ በአንሶላዎቹ መካከል ሸጎጥኩት። ሻጩ እንዳለው ማሽኗን በባዶ የማጣሪያ ቀፎዋ አሟሟቅኋት። እንደ ድመት ታንኮራፋለች።

መጋቢት 27

ሞላሁ። ጠቋሚው ዜሮ። ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን የሥራ ቅደም ተከተል ዝርዝር ሦስት ጊዜ አየሁ። እህቴ ገመዱን ይዛ መሰላሉ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ቀስ በል" ብቻ አለች። መነጽሬን አጥልቄ ወረድኩ።

ሁለት ሜትር። አራት። ስድስት ላይ አንድ ነገር አፌ ውስጥ ገባ... ቃና። ገመዱን ያዝኩ። በቃ፣ ደገመኝ። ግን ያኛው አይሸትም አልነበር? ይሄ ምንድነው? አንድ ጊዜ ደግሜ ሳብኩ። ዘይት... ደግሞ...

ሽንኩርት። የሚጠበስ ሽንኩርት።

ለካ ቱቦውን ያቆምኩት የሚስቴ ማድ ቤት መስኮት ሥር ነው! ሳቅ ያዘኝ። ባሕር ውስጥ መሳቅ ከባድ ነው፤ ውሃ ወደ መነጽሬ ገባ። እህቴ ገመዱን ጎተተች፦ ደህና ነህ? አንዴ መልሼ ጎተትኩ፦ ደህና ነኝ። ደህና ነበርኩ! እዚያው ሆኜ መነጽሬን አራግፌ፣ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

"ምን ሆንክ?"

"ሽንኩርት።"

ቤታችን ውሃው ዳር ነው፤ ሚስቴ ሰምታ በመስኮት ብቅ አለች። "ምነው፣ በዛ?"

እህቴ ግን አልሳቀችም። "ከሰሉ ካለ ሽታ እንዴት ያልፋል?" አለች። ተያየን። ሠላሳ አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ቀን የነፋስ ክር፣ ሦስት ጊዜ ዝርዝር... ከሰሉ ከአንሶላዎቹ ጋር ተኝቷል። በባዶ ቀፎ ነው የሞላሁት። ዝርዝሩ ላይም አልነበረም፣ ማን ይረሳዋል ብዬ።

ሲሊንደሩን አስተነፈስኩ። ቱቦውን ጣሪያ ላይ አወጣሁ። ከሰሉን ከተትኩ። እንደገና ሞላሁ። ጨርሼ ቀና ስል እህቴ ግድግዳው ላይ የአባባን ጽሑፍ እያየች ነው። ሲሊንደሩን ተሸክሜ ገባሁ።

ምንም አይሸትም። እዚያው የታሰረችን የአንዲት ጀልባ ሆድ ግማሹን ፍቄ ነው መፍራት እንደነበረብኝ ትዝ ያለኝ።

መጋቢት 28

እህቴ የሚያማትን እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ዋለች። ዛሬ ውሃ ውስጥ ሁለት ጊዜ የገባሁት እኔ ነኝ።

ጆሮዬን አመመኝ። እውነቴን ነው፣ ውሃ ገብቶበታል። ለማንም አልተናገርኩም።